ለእንቁራሪቶች የተሠራ ምሽት

የጋሽ አየነውን ማረፍ የሰማሁት አውቶቡስ ውስጥ፣ በመስኮት ጠብ መካከል ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር እየተጓዝን ነበር። አንድ ወጣት ሙቀቱ ቢያስጨንቀው መስኮቱን ከፈተ። ከኋላው የተቀመጡ ሴትዮ ወዲያው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በንፋስ ሊገድላቸው እንደሆነ ጠየቁት። ረዳቱ ከሴትዮዋ ጋር ወገነ፤ ሾፌሩም በመስታወቱ እያየ ወገነ። መስኮቱ ተዘጋና ሁላችንም እንደ ድንች መቀቀል ጀመርን። አጠገቤ የተቀመጠው ጸጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው ብቻውን ሳቅ አለና፣ "ጋሽ አየነው ቢሆኑ 'ከየት አመጣችሁት?' ብለው ይጠይቁ ነበር" አለ።

ዞር ብዬ ሳየው ድሮ ባሕር ዳር ያስተማርኩት ልጅ ነው። ስለ እሳቸው ደኅንነት ስጠይቀው ሳቁን ሰበሰበ። "አልሰሙም እንዴ መምህር? አርባቸው እኮ የፊታችን እሑድ ነው" አለኝ። ጎንደር ያለኝን ጉዳይ በሩጫ ጨርሼ ለእሑድ ተመለስኩ።

በደርግ ዘመን፣ ገና ለጋ የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ባሕር ዳር ስመደብ፣ የተከራየኋት አንዲት ክፍል ሹም አቦ ሰፈር፣ ጋሽ አየነው ግቢ ውስጥ ነበረች። እሳቸው ባዮሎጂ ያስተምራሉ፤ ትምህርት ቤታችንም አንድ ነው። የደቅ ደሴት ተወላጅ፣ የቄስ ልጅ ናቸው። ዳዊት ደግመው፣ ቅኔ ጀምረው፣ ከዚያ ነው ወደ ዘመናዊው ትምህርት የተሻገሩት። ሚስት አላገቡም። ለምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው ጥያቄው ጥሩ መሆኑን ተናግረው ዝም ይላሉ። የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ እንዳበጠ ነው፤ ሚስማር፣ የሽቦ ቁራጭ፣ ስሙን ያላወቁት የዛፍ ፍሬ አይጠፋበትም። ሰው ሲያነጋግራቸው፣ የጣውላ መቃናት እንደሚያይ አናጢ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ራሳቸውን ያዘነብላሉ። መጀመሪያ ሲያደርጉብኝ የናቁኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳውቃቸው ከልባቸው ሲያዳምጡ ብቻ እንደሚያደርጉት ገባኝ።

ትልቁ ነገራቸው ስሕተት መውደዳቸው ነው። ፈተና ሲያርሙ ቀይ የኤክስ ምልክት አያደርጉም። የተሳሳተ መልስ ሲያገኙ ከጎኑ "ከየት አመጣኸው?" ብለው ይጽፋሉ፤ ተማሪው ቀርቦ ካላስረዳ እረፍት የላቸውም። ያ አውቶቡስ ውስጥ ያገኘሁት ልጅ፣ እንቁራሪት ከዝናብ ጋር ከሰማይ ትወርዳለች ብሎ ጽፎ ነበር። ክፍሉ ሲስቅበት ጋሽ አየነው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡት። ልጁም ደርቆ የከረመው ግቢያቸው፣ የመጀመሪያው ዝናብ በዘነበ ማግስት በእንቁራሪት ተሞልቶ ማየቱን ተናገረ። ያየው ነገር እውነት መሆኑን፣ የሳተው መንገዱን ብቻ መሆኑን ነግረውት፣ እንቁራሪት በጋውን የት እንደምትከርም ሊያሳዩ ክፍሉን በሙሉ ይዘው ወደ ውሃ ዳር ወረዱ። በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይም ይህችኑ ጥያቄ ያነሡ ነበር። አንዱ ባልደረባችን አድኃሪ ተብሎ ሲወቀስ፣ ረጋ ብለው ከየት አመጣችሁት ይላሉ። እግዜር ጠበቃቸው እንጂ የዚያ ዘመን ስብሰባ እንዲህ የሚጠየቅበት አልነበረም።

እናታቸው እማሆይ ትጓደድ ከደቅ የመጡት ሳንባቸው ታሞ ነው። ባላቸው ቄሱ ሲያርፉ የመነኮሱ፣ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው የሚያወርዱ ቀጭን ሴት ነበሩ። ሐኪሙ በየቀኑ የሚወጉት መርፌና ለብዙ ወራት የሚውጡት ኪኒን አዘዘላቸው፤ ካቋረጡት እንደሚሞቱም ለልጃቸው ቁርጡን ነገራቸው። የሚተኙበት ክፍል አየር እንዲያገኝ ደግሞ አጥብቆ አሳሰበ። እማሆይ መርፌውን ተቀበሉ፣ አየሩን ግን እምቢ አሉ። መስኮት ከፍቶ መተኛት ለሳቸው ሞትን በስሙ እንደ መጥራት ነበር። ጋሽ አየነው ይከፍታሉ፤ እግራቸው ሲወጣ እማሆይ ይዘጋሉ።

ከዚህ የባሰው እንቅልፍ ማጣታቸው ነው። አንድ ጠዋት አገልግላቸውንና መቋሚያቸውን አዘጋጅተው በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። የደቅ ጀልባ በሳምንት አንድ ቀን ነው የምትሄደው፤ ዛሬ እሳፈራለሁ አሉ። ጋሽ አየነው አልለመኑም፣ አልተቆጡምም። አጠገባቸው ቁጢጥ ብለው፣ እንቅልፍ የነሣቸው ምን እንደሆነ ጠየቋቸው።

"እዚህ አገር ሲመሽ የሚጮህ ውሻ ብቻ ነው" አሉ እማሆይ። "እኛ ዘንድ ጀምበር ስትጠልቅ እንቁራሪቱ ይነሣል። ተወልጀ እሱን እየሰማሁ ተኛሁ፤ አግብቸም እሱን እየሰማሁ ተኛሁ። እሱ ከሌለ ዓይኔ አይከደንም። እንቅልፍ ለሌለው ሰው መርፌ ምን ይረባዋል?"

ጋሽ አየነው ራሳቸውን አዘነበሉ። "እማየ፣ የሚቀጥለው ጀልባ እስኪመጣ ታገሽኝ። እንቁራሪቱ ካልጮኸልሽ እኔው ራሴ አሳፍርሻለሁ" አሉ።

ከትምህርት ቤቱ ግቢ የተጣሉ የመስኮት መስታወቶች አስፈቅደው አመጡ። በጣውላ ገጣጥመው እስከ ወገብ የሚደርስ ሣጥን ሠሩ፤ በእናታቸው አልጋ ግርጌም አቆሙት። ከታች ጠጠር፣ በላዩ ከሰል፣ በከሰሉ ላይ የሐይቅ ዳር ጭቃ አድርገው ከነሥሩ የተነቀለ ደንገል ተከሉበት። መጀመሪያ ከከተማው ዳር ይዘው ያመጧቸውን እንቁራሪቶች እማሆይ አየት አድርገው የእኛ አገር አይደሉም ብለው መለሷቸው። ስለዚህ የደቅ ሰዎች፣ ጋሽ አየነው ቢለምኗቸው፣ የአገሩን እንቁራሪቶች በእርጥብ ቅጠል በተከደነ ቅል አድርገው በጀልባዋ ላኩ። ደንገል ላይ የሚውሉ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጡ ነገሮች ናቸው። ያን ቀን እማሆይ ራሳቸው መሳፈሩን ተዉት፤ ከአገር የመጣ እንግዳ ጥሎ አይኬድም አሉ። ጎረቤት ሴቶች ቤት ውስጥ ጓጉንቸር ማኖር የፈርዖን መቅሰፍት ነው እያሉ ሲያማትቡም፣ የፈርዖኖቹ ታዘው የመጡ መሆናቸውን፣ የእሳቸው ግን ተለምነው የመጡ መሆናቸውን እማሆይ አስረዷቸው።

የእንቁራሪቶቹ ቀለብ የእኔ ሥራ ሆነ። የማንጎ ልጣጭ ክፍሌ ውስጥ አበስብሼ፣ የሚሰበሰቡበትን ትንንሽ ዝንቦች በጠርሙስ እይዛለሁ። በዚያ ዓመት ቤቴ አንዴ የመጣ እንግዳ ሁለተኛ አልመጣም።

ትንሽ ቀን እንደቆየ መስታወቱ ላበ፣ የጭቃውም ሽታ ተለወጠ። ጋሽ አየነው በሣጥኑ ፊት፣ በታች በኩል ቀዳዳዎች በስተው በሽቦ ወንፊት ሸፈኗቸው። ከኋላ፣ በላይ በኩል ደግሞ ከተጠቀለለ ቆርቆሮ ጭስ ማውጫ የመሰለ ነገር አቆሙ። በሣጥኑ መካከል የሰቀሉት አምፖል የላዩን አየር ሲያሞቀው በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ከታች አዲስ አየር ይተካል። ይህን ለማሳየት ጧፍ ለኩሰው ያጠፉና ጭሱን ወደ ታችኛው ቀዳዳ ያስጠጉታል። ጭሱ ይገባል፣ በደንገሉ መካከል ይዞራል፣ ከላይ ይወጣል። ሰው በመጣ ቁጥር ያሳያሉ። ለእኔማ ስንት ጊዜ እንዳሳዩኝ አላስታውስም፤ ሁልጊዜም እንደ አዲስ እንድደነቅላቸው ይጠብቁ ነበር።

አየሩ ቢሳካም ብርሃኑ አስቸገረ። አምፖሉ ሲበራ እንቁራሪቶቹ ቅጠል ሥር ይወሸቃሉ፤ ድርግም ሲል ደግሞ ደንግጠው ይቀራሉ። ድምፅ የሚባል የለም። አንድ አመሻሽ ላይ ጋሽ አየነው ወደ ሐይቁ ወሰዱኝ፤ ደንገሉ ውስጥ ገብተው ጭቃው ላይ በሆዳቸው ተኙ። እኔም ተኛሁ። በታንኳ የሚያልፉ ዓሣ አጥማጆች ሁለት መምህራን ጭቃ ላይ ተጋድመው ሲያዩ ምን ጠፋባችሁ እያሉ ቀዘፉ። ብርሃኑ ከላይ እንደማይመጣ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከጎን ይመጣል፣ በደንገሉ እየተሰነጠቀ ይገባል፣ ውሃው ላይ ያረፈው ደግሞ ተመልሶ ከታች ወደ ላይ ይርገበገባል። ድርግምም አይልም፤ ቀስ እያለ ይደክማል። እየደከመ ሲሄድ አንዱ እንቁራሪት ጀመረ፣ ሌላው ተቀበለ፣ ከዚያ ዳርቻው ሁሉ አንድ ላይ ተነሣ። ጋሽ አየነው አገጫቸው ጭቃ ነክቶ ይስቁ ነበር።

በማግስቱ አምፖሉን ከመካከል አንሥተው በአንዱ ጎን፣ በጭስ ማውጫው አጠገብ ሰቀሉት። ፊቱ ላይ የተሰነጠቀ ደንገል ደረደሩበት፤ ከሥሩ የመስታወት ስባሪ ያለበት የውሃ ሳሕን አኖሩ። ምሽቱን የሠሩት ግን በወተት ዱቄት ጣሳ ነው። ከደንገል መዳፍ የምታህል ታንኳ ጎነጎኑና በሣጥኑ ክዳን ላይ ባስቀመጡት፣ ውሃ በሞላው ጣሳ ላይ አንሳፈፏት፤ በታንኳዋ በታጠፈ ሽቦ፣ ወደ አምፖሉ የሚወርድ የቆርቆሮ ጥላ አንጠለጠሉ። የጣሳው ቂጥ በመርፌ ተበስቷል። ውሃው ጠብ ጠብ ሲል ታንኳዋ ትወርዳለች፤ ጥላውም አብሯት እየወረደ አምፖሉን በጥቂት በጥቂቱ ይጋርደዋል። የሚንጠባጠበው ውሃ ደግሞ ከጣሳው ሥር በክዳኑ በተገጠመች ወንፊት አልፎ ደንገሉ ላይ ካፊያ ይሆናል።

ሲመሽ ጣሳውን ሞሉና ሁላችንም ዝም ብለን ተቀመጥን። ብርሃኑ ደከመ፣ ካፊያው ወረደ። አንዱ ጀመረ። የእማሆይ እጅ መቁጠሪያው ላይ ቆመ። ሌላው ተቀበለ። እማሆይ ቆባቸውን አስተካክለው ወደ ግድግዳው ዞሩና ተኙ። ጋሽ አየነው በእግራቸው ጣት ወጥተው ግቢው ውስጥ ብቻቸውን እስክስታ መቱ፤ እኔ ከኋላ መኖሬን የረሱ ይመስለኛል።

በዚያው ሰሞን የቀበሌ ሰዎች መጡ። ከመምህሩ ቤት አረንጓዴ ብርሃን ይታያል፣ ቱቦ ቆሟል፣ የማይታወቅ ድምፅም ይሰማል ተብሎ ተነግሯቸው፣ የሬዲዮ መገናኛ ሊፈትሹ ነው። ሊቀመንበሩ ሽጉጣቸውን እንደታጠቁ ሣጥኑ ፊት ብዙ ቆመው፣ ይህ ነገር ለአብዮቱ ምን እንደሚጠቅም ጠየቁ። ጋሽ አየነው እንቁራሪቶቹ ቢምቢ እንደሚበሉ፣ ወባ ደግሞ የሰፊው ሕዝብ ጠላት መሆኗን አስረዱ። ሊቀመንበሩ ተስማሙ። የጧፉ ጭስ ሲታያቸውም እንዲደገምላቸው ጠየቁ። ከዚያ በኋላ አመሻሽ ላይ ብቅ እያሉ ጣሳውን መሙላት የራሳቸው ሥራ አደረጉት።

የጥቅምት ብርድ ሲገባ ደስታችን ተቋረጠ። እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ። መስታወቱ ጠዋት ጠዋት በላቦት ይሸፈናል፤ ደንገሉ ሻገተ፤ አንዱ እንቁራሪት ሞቶ ተገኘ። ጋሽ አየነው ጧፋቸውን ለኩሰው ያጠፋሉ፤ ጭሱ ይገባል፣ ይወጣል፣ እንከን የለውም። አምፖሉን ለወጡ፣ ጭቃውን ለወጡ፣ ጣሳውን ጠረጉ። ከየት እንደመጣ ያልተደረሰበት ስሕተት ገጠማቸውና ፊታቸው ከሳ። የእማሆይም እንቅልፍ እንደገና ጠፋ፤ ሳላቸው በረታ። እንግዶቹም እሳቸውም አገራቸውን እንደናፈቁ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ እንዲመልሷቸው ለልጃቸው ነገሩ። አገልግሉ ተመልሶ በረንዳ ላይ ወጣ። ጀልባዋ የምትነሣው በማግስቱ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስብሰባችን ስለተሰረዘ ከወትሮው ቀደም ብለን ቤት ደረስን። የእማሆይ በር ገርበብ ብሏል። ጋሽ አየነው ክንዴን ያዙና አቆሙኝ። እማሆይ ሣጥኑ ፊት ተንበርክከው፣ ከሚፈትሉት ባዘቶ እየቆነጠሩ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ይወትፋሉ። "አይዟችሁ፣ ብርዱ አያገኛችሁም" እያሉ ያባብሏቸዋል።

ነገሩ ሁሉ ያን ጊዜ ገባኝ። እንቁራሪቶቹ ዝም ሲሉ በርዷቸው ነው ብለው እማሆይ ይወትፋሉ፤ ሲወትፉባቸው ደግሞ ታፍነው ይብስ ዝም ይላሉ። የልጃቸው ኮቴ ሲሰማ ጥጡን ነቅለው ትራሳቸው ሥር ይሸጉጡታል። እኔ ብሆን ገብቼ እጮህ ነበር። ጋሽ አየነው እየጎተቱ ወደ ግቢው በር መለሱኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን አዘነበሉ።

"እውነቷን እኮ ነው" አሉ። "ቀዳዳው ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ንፋሱ ገና ሲገባ ይመታቸዋል። እኔ ጭሱን ሳይ እሱን አላየሁትም።"

ከዚያ ተነሥተው፣ ኮቴያቸው እንዲሰማ መሬቱን እየረገጡ ገቡ። ጥጡ በቦታው አልነበረም። እናታቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ እንቁራሪቶቹን ብርድ ሳይመታቸው እንዳልቀረ ተናገሩና ደቅ ላይ ቤት ሲሠራ ንፋሱን እንዴት እንደሚያደርጉት ጠየቁ። እማሆይ መጀመሪያ በጥርጣሬ አዩዋቸው። ቀስ በቀስ ግን፣ የራሳቸው አባት ከበሩ ወደ ውስጥ፣ ፊት ለፊት አንዲት የጭቃ ግድግዳ ያቆሙ እንደነበር፣ ንፋሱ እሷን መትቶ ዞሮ ሲገባ ጉልበቱ እንደሚያልቅ አወሩ። ጋሽ አየነው ከኪሳቸው ሽቦ አወጡ። በማግስቱ ጀልባዋ ያለ እማሆይ ሄደች፤ ሥራው የሳቸው ሆኖ ነበርና።

ከቆርቆሮ የታጠፉ ክርኖች ተሠሩና አፋቸው ወደ መሬት ተደፍቶ በየቀዳዳው ላይ ተገጠሙ። እማሆይ መዳፋቸውን አስጠግተው ፈተሹ፤ አላመኑም፣ ጉንጫቸውን አስጠጉ። ጋሽ አየነው ጧፉን ለኩሰው አጠፉ። ጭሱ ሳይቸኩል በክርኑ ዞሮ ገባ።

"አየሽ እማየ፣ ይገባል እንጂ አይመታም" አሉ።

እማሆይ ከትራሳቸው ሥር ጥጡን አወጡና እንዝርታቸውን አንሥተው መፍተል ጀመሩ። ጋሽ አየነው ያን ሰዓት የጣሳውን ቀዳዳ ለማየት ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር።

ላቦቱ ደረቀ፤ ደንገሉ አዲስ ቀንበጥ አወጣ። አንድ አመሻሽ፣ ሊቀመንበሩ ጣሳውን ሞልተው እንደተቀመጡ፣ አንዱ ጀመረ፣ ሌላው ተቀበለ። እማሆይ ብዙ ሰምተው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"አየነው" አሉ። "እነዚህ ይኸን ያህል ከበረቱ፣ ለኔም እንዲያ ያለ ክርን አብጅልኝ። ሐኪሙ ያለውን አልረሳሁትም እኮ።"

ጋሽ አየነው ተነሥተው በራስጌያቸው ያለውን ግድግዳ በጣታቸው አንኳኩ። በማግስቱ የክፍሉ ግድግዳ ተበሳ፤ ክንድ የሚያህል የቆርቆሮ ክርን በእማሆይ ራስጌ ተገጠመ፤ ከጣሪያው ሥርም መውጫው ተከፈተ። እማሆይ ጉንጫቸውን አስጠግተው ከፈተሹ በኋላ ፈቀዱ።

መርፌው አለቀ፣ ኪኒኑም በጊዜው አለቀ። ሐኪሙ ሳንባቸው መዳኑን ሲነግራቸው፣ እማሆይ ሳንባቸውን ለማመስገን ያህል ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። እንቁራሪቶቹን በቅላቸው ይዘው በጀልባዋ ወደ ደቅ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ ዘመን ኖሩ። ሣጥኑ ትምህርት ቤት ገባ። እኔም ተዛወርኩ።

ለአርባቸው ስሄድ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። ጥሩየ የምትባል የእኅታቸው ልጅ ናት በመጨረሻ ዘመናቸው የጦረቻቸው። ጸሎቱ አልቆ ሰው ማዕድ ላይ ሳለ፣ ክፍላቸውን እንድታሳየኝ ለመንኳት። የሚተኙት በእናታቸው ክፍል ነበር። ክርኑ ግድግዳው ላይ አለ፤ ዝጓል። አፉ በጥጥ ተወትፏል።

ደሜ ፈላ። ያ ሁሉ ጧፍ፣ ያ ሁሉ ጭቃ ትዝ አለኝ። ጥጡን ነቀልኩና በእጄ ይዤ፣ ማን እንደወተፈው ጥሩየን ጠየቅኋት።

"ጋሸ ራሳቸው ናቸው" አለች።

አላመንኳትም። ታመው የተኙ ሰሞን አንድ ቀን ባዘቶ እንድታመጣላቸው እንደጠየቋት፣ በራሳቸው እጅ እየቆነጠሩ እንደወተፉት ነገረችኝ። እሷም ደንግጣ፣ ዕድሜ ልካቸውን አየር አየር ሲሉ የኖሩ ሰው ምን ነካዎት ብላቸው ነበር።

"'እማየ ስትወትፈው ምን ይሰማት እንደነበር ልየው ብየ ነው' አሉኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ጋደም አሉና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። 'ልክ ነበረች ጥሩየ፣ ይሞቃል' አሉ። ላወጣው ብል እምቢ አሉኝ።"

ሰው ግቢ ውስጥ እያለ ሳቄ አመለጠኝ፤ እንባዬም አብሮት መጣ። ጥሩየ ቆማ ታየኛለች። ጥጡን በመዳፌ አድቦልቡዬ መልሼ ወተፍኩት።